ከአሚቾው የሚነሣው ማን ነው?

በሲዳማ ደጋ እንሰት ማባዛት የፈለገ ገበሬ የሚጀምረው ሥራ፣ ለማያውቅ ተመልካች፣ መግደል ይመስላል። ጥቂት ዓመታት ያደገውን፣ ገና ያላበበውን እንሰት መርጦ ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርቶ ይቆርጠዋል። ከታች የቀረውን አሚቾ ቆፍሮ ያወጣና ሥሩን ያራግፋል። ከዚያም በቢላዋው ጫፍ መሐሉን እየፈለፈለ ነጩን የእድገት እምብርት ጎርጉሮ ይጥለዋል። አንዱ ገበሬ አሚቾውን እንዳለ፣ ሌላው ለሁለት ወይም ለአራት ሰንጥቆ፣ ፍግ በበዛበት ጉድጓድ ይቀብረዋል። ሁለት ሦስት ወር አልፎ ዝናብ ሲያገኝ በተፈለፈለው ቦታ ዙሪያ ቡቃያዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ እንደ አሚቾው ግዝፈትና እንደ ዝርያው ከ40 እስከ 200 ሊደርሱ ይችላሉ። ከመሬት በላይ ቆሞ ግንድ የሚመስለን እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። እውነተኛው ግንድ አፈር ውስጥ ያለው አሚቾ ነው፤ ድንችና ዝንጅብልም እንደዚሁ ከመሬት በታች የሚኖሩ ግንዶች ናቸው። እንሰትን የሚለየው አንድ ጠባይ አለ። የቅርብ ዘመዱ ሙዝ ማንም ሳይነካው እግሩ ሥር ልጆች ያፈላል፤ እንሰት ግን ካልቆረጡት በቀር ልጅ አያወጣም። ጫፉ ላይ ያለው እምብርት ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ በአሚቾው ጎን የተኙትን እምቡጦች አፍኖ ይይዛቸዋልና፣ እሱ ሳይወገድ እነሱ አይነሡም።

ታዲያ የሚነሣው ማን ነው? የተቀበረችው እናት እንሰት ናት ወይስ ሌላ? ጥያቄው የዕፅዋት ሊቃውንት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የሃይማኖት ጥያቄ ነው እላለሁ፣ ይልቁንም ለሐዋሳ ሰው። ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲከበር ከተማዋን የሚሞላው ምእመን፣ በየሳምንቱ እሑድም የወንጌላውያንን አዳራሽ የሚሞላው ምእመን፣ ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ ሲሰበክለት የሚቀርብለት ምሳሌ ያው አንድ ነው፦ መሬት ላይ ወድቃ የምትሞት የስንዴ ቅንጣት። ምሳሌው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 እና ከመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 15 የተወሰደ ነው፤ እህል ዘርቶ ለሚያጭድ አገር የተነገረ ነው። ይህን ስብከት የሚሰማው ሕዝብ ግን ከተማውን ከከበበው የእንሰት ምድር ጋር ነው የኖረው። ዋሳው (ቆጮው) እና ቡላው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ የሚወርደው ከዚያ ነው፤ በመላ አገሪቱም 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ኑሮ አለው ይባላል። ይህ ሕዝብ በየጓሮው የሚያየው ቀብርና መነሣት በስንዴው መንገድ የሚሄድ አይደለም። ስብከቱ አሚቾውን ቢያነሣ ኖሮ አንድ ነገር ይገለጥ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በሞት ላይ የምንጥላቸው ሁለት ተስፋዎች፣ ማለትም አንድ ነገር እንዲቀጥልና አንድ ሰው እንዲመለስ የምንመኘው፣ አብረው የሚሄዱ አለመሆናቸው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ከአንድ አሚቾ መቶ ቡቃያ ወጣ እንበል። ሁሉም የእናታቸውን ዘረመል ይዘዋል፤ አባት የላቸውም፤ ከሌላ የተቀላቀለ ነገር የላቸውም። እናትየዋ ጋንቲቻ የሚባለው ዝርያ ከነበረች ሁሉም ጋንቲቻ ይባላሉ፣ አዶ የሚባለው ከነበረች አዶ። እንግዲህ «እናቲቱ ራሷ ተመልሳ መጣች» ልንል ነው? ካልን፣ አንደኛው ቡቃያ እናቲቱ ናት፣ ሁለተኛውም እናቲቱ ናት፤ ስለዚህ አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ናቸው ማለት ነው። ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ተተክሎ ከስድስት ዓመት በኋላ ዋሳ ይሆናል፣ ሌላውን ፍልፈል ይበላዋል። በአንዱ ላይ የደረሰው በሌላው ላይ አልደረሰም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ደሬክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ለሁለት ቢከፈልና ሁለቱም ክፋዮች ቢኖሩ ማን ማንን ይሆናል ብሎ ብዙ ገጽ የፈጀው በምናብ ነበር። የሲዳማ ገበሬ ያንኑ በየዓመቱ በእጁ ይሠራዋል፤ ለሁለት ብቻ ሳይሆን ለመቶ እየከፈለ። መቶው ሁሉ እናቲቱ ሊሆኑ ካልቻሉ፣ አንዱን ብቻ መርጠን እሷ ነች የምንልበት ምክንያት ደግሞ ከሌለን፣ የሚቀረን መልስ ከእነሱ መካከል ማንም እሷ አይደለም የሚል ነው። የነበራት ሁሉ ተላልፏል፤ እሷ ግን የለችም። አርስቶትል ተቆርጠው የሚኖሩ ዕፅዋትን ተመልክቶ የተክል ነፍስ በተግባር አንዲት፣ በአቅም ግን ብዙ ናት ያለው ለዚህ ችግር መውጫ ፍለጋ ይመስለኛል። በከፊል ይረዳል፤ መቶው ቡቃያ ከየት እንደመጣ ይነግረናል። አንዲቱ የት እንደገባች ግን አይነግረንም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ደግሞ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። «መጀመሪያውኑ መቶ ተክል ብለህ የቆጠርከው ለምንድን ነው?» ይላል። ሰርዶን ተመልከት። በሐዋሳ መንገድ ዳር በኮብልስቶኑ ስንጥቅ የሚወጣው ሰርዶ ላይ ላዩን መቶ ሣር ይመስላል፤ ሲቆፍሩት ግን በውስጥ ለውስጥ ግንድ የተያያዘ አንድ አካል ነው። የሐይቁ ዳር ፊላም ጭቃው ውስጥ እንዲሁ ተያይዟል። እንሰቱም እንደዚያ ነው፤ እናቲቱ አልሞተችም፣ በጓሮው ተዘረጋች እንጂ፤ ሞተች ያልከው ገና ከመነሻው ተሳስተህ ነው። ይህ ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። ሰርዶው በእርግጥ አንድ ነው ሊባል ይችላል፤ ውሃና ስኳር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ ጥላ ውስጥ ያለውን ፀሐይ ያገኘው ይመግበዋል። አንድነቱን የሚያቆመው ይህ መገናኘት ነው። የእንሰት ቡቃያ ግን ከዓመት በኋላ ከአሚቾው ተገንጥሎ፣ ተነቅሎ፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ እያደገ ሲሄድ እንደገና ይዛወራል፤ አንዳንዱም በስጦታ ወይም በግዢ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ከወንድሙ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ክር የለም።

አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ጨርሶ የለም ግን አልልም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚያሳየውን እውነት ማየት ያስፈልጋል። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ለሳይንሱ ዓለም ገለጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኘ። ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል ከሚሄድባቸው መንገዶች ዋነኛው ሳይጸዳ የሚዞር ቢላዋ ነው፤ ያው እምብርቱን የሚፈለፍለው፣ ቡቃያውን የሚገነጥለው ቢላዋ። ጓሮው በአንድ ዝርያ ብቻ ከተሞላና ያ ዝርያ በሽታውን የማይችል ከሆነ፣ አንዱን ያጠወለገው ሌላውንም ያጠወልጋል። ዝንጅብልም ያየነው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው ባክቴሪያ የተዛመተው ለዘር ተብሎ ከሚቀመጠው ከመሬት በታች ግንድ ጋር አብሮ እየተጓዘ ነበር። በሚያጠፋቸው ነገር ፊት እንግዲህ አንድ ናቸው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ይህ አንድነት የአንድ አካል አንድነት አይደለም፤ በአንድ ስህተት የተጻፉ ብዙ ቅጂዎች ያላቸው አንድነት ነው። ስህተቱ በሁሉም ላይ አለ፤ እያንዳንዱ ቅጂ ግን የሚቀደደው ለብቻው ነው። ሌላም አለ፦ ቅጂዎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር ጥቃቅን የዘረመል ለውጦች ይጠራቀማሉ፤ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የተተከለ ዝርያ ከመነሻው በጥቂቱ ርቋል። የዛሬው ጋንቲቻ ከጥንቱ ጋንቲቻ ጋር ያለው ዝምድና ቅርብ ነው፣ ቅርብ ግን ያው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የስንዴዋን ቅንጣት እንደገና ማየት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም «እንግዲያው አሚቾውን ትተን ወደ ስንዴዋ እንመለስ፣ ትንሣኤን እሷ ታሳየናለች» የሚል ይኖራል። አታሳይም። ተጠራጣሪው ቀድሞ የሚያነሣው ነገር አለ፤ የሞተ ዘር አይበቅልም፣ የሚበቅለው ውስጡ ሕይወት ያለው ነው። ይህን እንደ ታላቅ ግኝት የሚያቀርቡት አሉ፤ የቆሮንቶስን መልእክት የጻፈው ሐዋርያ ግን የእርሻ ትምህርት አልሰጠም፣ ክርክሩም በዚህ አይወድቅም። የሚከብደው ሌላው ነው። ከስንዴዋ የሚወጣው ልጅ ነው። ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል በመሆኑ ልጁ እናቱን በጣም ይመስላል፣ ሠላሳ ፍሬ ቢያፈራ ግን ሠላሳዎቹም ልጆች ናቸው፤ የተዘራችው ቅንጣት ከመካከላቸው የለችም። ስለዚህ ስንዴዋና አሚቾው ከዚህ አንጻር ሲታዩ ያን ያህል አይራራቁም፤ ሁለቱም መቀጠልን እንጂ መመለስን አያሳዩም። እንሰቱ ራሱ ሁለቱንም መንገድ ያውቃል፦ ካልተቆረጠና ካልተፋቀ በዕድሜው አንድ ጊዜ አብቦ፣ ዘር አፍርቶ ይሞታል። በደቡብ ምዕራብ ጫካ ያለው የዱር እንሰት የሚራባው በዚህ መንገድ ነው። ገበሬው የአሚቾውን መንገድ የመረጠው ዘሩ ለመብቀል የሚያስቸግር፣ የሚበቅለውም ምን ዓይነት እንደሚሆን የማይታወቅ ስለሆነ ነው። የሚያውቀውን መልሶ ማግኘት ፈለገ፤ ያገኘው ግን የሚያውቀውን ዓይነት ነው።

የጥንት አባቶች ይህን አላጡትም። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው ንግግር ውስጥ፣ በሞት አልጋ ላይ ያለችው እኅቱ ማክሪና የሐዋርያውን የዘር ምሳሌ እያነሣች ስትመልስለት እናገኛለን። እኔ ከዚያ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ምሳሌው በተዘራውና በተነሣው መካከል ያለውን ልዩነት ያጎላል፣ ልዩነቱንም የሚሞላው የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ይናገራል። ሐዋርያው አካልን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው ሲል ዘሩ በራሱ ኃይል ያመጣዋል አላለም። ስለዚህ ስንዴዋን ለትንሣኤ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰባኪ ከሐዋርያው በላይ ሄዷል። ምሳሌ እምነትን ለሚያውቅ ሰው ያስረዳዋል እንጂ ለማያምን ሰው አያረጋግጥለትም፤ ይህን ሳይለዩ በየመድረኩ የተፈጥሮን ነገር ሁሉ ማስረጃ ማድረግ፣ በእኔ ግምት፣ ከጥርጣሬ ይልቅ እምነትን የሚጎዳ ልማድ ነው።

ሌላው ተቃውሞ አጭር ነው፤ ተክል «እኔ» የሚለው ነገር ስለሌለው ማን ተመለሰ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም ይላል። ልክ ነው፤ እንሰትን ጠቃሚ ምስክር የሚያደርገውም ይኸው ነው። አንድ ነገር ሲሞት ከሚጠፋው ውስጥ «እኔነት» የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ ብንፈልግ፣ ከእኔነት በቀር ሌላው ሁሉ የሚተርፍበትን ሁኔታ ማግኘት ነበረብን። አሚቾው ያንን ሰጥቶናል። አካሉ ወደ ቡቃያው ሄደ፤ ዘረመሉ ተላለፈ፤ ጠባዩ፣ የዋሳው ጣዕም፣ የቃጫው ጥንካሬ፣ ስሙም ሳይቀር ተረፈ። ለእናቲቱም ማንም አላለቀሰም፤ የሚለቀስበት ነገር አልጎደለምና። ሰው ሲሞት ደግሞ እነዚህ ሁሉ በከፊል ቢተርፉም እናለቅሳለን። ልጁ ፊቱን ይዟል፤ ቤቱ ቆሟል፤ ስሙ ይጠራል። ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎች «የወለደ አልሞተም» ይላሉ፤ ልጅ የሞተበት ቤትም ቀጥሎ ለሚወለደው ምትኩ ወይም ማስረሻ ብሎ ስም ያወጣል። እነዚህ ማጽናኛዎች የአሚቾ ማጽናኛዎች ናቸው። ጥሩዎች ናቸው፤ ግን የሚመልሱት ያልተጠየቁትን ነው። የሞተበት ሰው የጠየቀው ያንን አንድ ሰው ነው፤ የሰጡት ያንን ዓይነት ነው። ምትኩ የተባለው ልጅ አድጎ ስሙን ሲረዳ የሚሰማው ነገር ካለ፣ ያ ስሜት ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ የዚህን ልዩነት ምንነት ያውቃል።

ይህን ስል መቀጠልን ማናናቄ አይደለም። የማናውቃቸው ገበሬዎች የመረጡት ዝርያ በማናውቃቸው እጆች እየተቆረጠ፣ እየተቀበረ፣ እየተዛወረ እዚህ ደርሶ ዛሬ ልጅ ያበላል፤ ለራሱ ማንነት ብቻ የሚጨነቅ ሃይማኖት ይህንን ካላየ ጎደሎ ነው። የሲዳማ ሴቶች ዋሳ ሲፍቁ የትኛው ዝርያ ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው አሚቾው ተቀቅሎ ለመብላት እንደሚሆን ለይተው የሚያውቁት እውቀትም እንደዚሁ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ነው። መቀጠል ታላቅ ነገር ነው። የምቃወመው በመቀጠል ስም መመለስን ማስረሳት ነው፤ ማለትም ሰው «ራሴ እንዳልጠፋ» ብሎ ሲጮህ «ዘርህ አይጠፋም» ብሎ ዝም ማሰኘት።

ከዚህ በኋላ አሚቾው የሚያስተምረን አንድ ነገር ይቀራል፤ ለአማኙ የሚከብደውም የሚጠቅመውም እሱ ነው። የጓሮ እንሰት ራሱን አያስቀጥልም። ቆራጭ ከሌለ ልጅ የለም፣ ልጅ ከሌለ በአንድ አበባ ያልቃል። ጋንቲቻን ጋንቲቻ አድርጎ ያቆየው አሚቾው ውስጥ ያለ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ከውጭ ሆኖ የሚያውቀው፣ በስም የሚጠራው፣ በጊዜው የሚቆርጠውና የሚተክለው ሰው ነው። ይህ ጠባቂ ደግሞ ይሳሳታል፦ በዘረመል ደረጃ የተደረጉ ጥናቶች በተለያየ ስም የሚጠሩ እንሰቶች አንድ ሆነው፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ደግሞ የተለያዩ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ እንዳለ አሳይተዋል። የሰው ትዝታ እንደዚህ ነው፤ ይጠብቃል፣ ይቀላቅላልም። የትንሣኤ እምነት በትክክል ሲነገር የሚለው ታዲያ በውስጣችን እንደ አሚቾ ያለ የማይጠፋ ግንድ ተቀብሯል አይደለም። የሚለው፣ እኛን የሚያውቅ፣ ከሌላው ጋር የማይቀላቅል፣ ስማችንን የማይስት አንድ አለ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከእኛ ላይ ይነሣና ወደ ጠባቂው ይዞራል።

«ይህማ ችግሩን ወደ ሰማይ መወርወር ነው፤ እግዚአብሔር የሚያስታውሰውን ሰው እንደገና ቢሠራው የተሠራው ከመቶው ቡቃያ እንደ አንዱ አይሆንም?» የሚል ሊነሣ ይችላል። ይህ የመጨረሻውና ጠንካራው ጥያቄ ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ገበሬው የሚያስታውሰው ዓይነትን ነው፣ ስለዚህ ሊመልስ የሚችለው ዓይነትን ብቻ ነው። አንድን ሰው ከዓይነቱ ለይቶ፣ የኖረውን እያንዳንዱን ቀን ይዞ የሚያውቅ እውቀት ካለ፣ ያ እውቀት ከመነሻው ለመቶ አይከፈልም፤ ለመቶ ሊከፈል የሚችለው የጋራ የሆነው ነገር ነውና። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአርባው ቀን የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐት የሟቹን የክርስትና ስም ለይቶ የሚጠራው ከዚህ እምነት ተነሥቶ ነው። በዚያው ከተማ፣ ከዚያው ሟች ቀብር የተመለሰው ወንጌላዊ ጎረቤት ለሞተ ሰው መጸለይን አይቀበልም፤ እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል፣ ማስታወስ አያስፈልገውም ይላል። ሁለቱ የሚለያዩት ሰው ለእግዚአብሔር ስም ማስታወስ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ነው። ስሙ የአንድ ሰው ብቻ እንደሆነና በሌላ እንደማይተካ ግን ሁለቱም አይጠራጠሩም።